የዐለት ስም በጽሑፍ ይጸናል፦ የጂኦሎጂ ረቂቅ አዘገጃጀትና የስያሜ ደንብ ታሪክ

1. መግቢያ

አንድ የጂኦሎጂ ተመራማሪ ከመስክ ተመልሶ ረቂቁን ለሙያ መጽሔት በሚያዘጋጅበት ጊዜ የሚሠራው ሥራ ብዙ ዐይነት ነው። ካርታውን ይነድፋል፤ የናሙናዎቹን ቁጥር ከተገኙበት ስፍራ ጋር ያስተያያል፤ የንጣፎቹን ውፍረት በሥዕል ያሳያል፤ ከእርሱ በፊት የጻፉትን እየጠቀሰ የሚስማማበትንና የማይስማማበትን ይለያል። ከዚህ ሁሉ ጋር፣ ሳያስበውም ቢሆን፣ የመዝገበ ቃላት ሥራ ይሠራል። ያየውን ዐለት ወይ ቀድሞ በተሰጠው ስም ይጠራዋል፤ ወይ አዲስ ስም ያወጣለታል። «ስምን መልአክ ያወጣዋል» የሚባለው ስለ ሰው ልጅ ነው፤ ለዐለት ስም የሚያወጣለት የረቂቁ ጸሐፊ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የጂኦሎጂ ረቂቅ አዘገጃጀት ዛሬ ያለውን መልክ እንዴት እንደ ያዘ በአጭሩ ማሳየትና፣ በተለይም የስያሜው ደንብ ከምን ዐይነት ችግር እንደ ተወለደ መመርመር ነው። ነገሩ የጂኦሎጂ ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት መስሎ ሊታይ ይችላል። ይሁን እንጂ ከአዲግራት እስከ መቅደላ፣ ከአሸንጌ እስከ ሐዳር ያሉ የሀገራችን ስሞች በዚሁ ደንብ አማካይነት የዓለም ሳይንስ ቃላት ሆነዋል። እነዚሁ ስሞች ወደ አማርኛ በሚመለሱበት ጊዜ ደግሞ ባለቤቶቻቸው እስከማያውቋቸው ድረስ መልካቸውን የሚለውጡበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ስለዚህ ጉዳዩ የቋንቋ ባለሙያውንና የተርጓሚውን እጅ ይፈልጋል፤ ይልቁንም የሚፈልገው ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት፣ ረቂቁ ገና በጸሐፊው ጠረጴዛ ላይ ሳለ ነው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

2. ከቃል ንባብ ወደ ኅትመት

በ18ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ስለ ምድር አፈጣጠር የሚጻፍ ጽሑፍ የተወሰነ መልክ አልነበረውም። ስኮትላንዳዊው ጄምስ ሐተን ስለ ምድር ያለውን ንድፈ ሐሳብ ለኤዲንብራ የንጉሥ ማኅበር ያቀረበው በ1785 በሁለት ስብሰባዎች ነው። በመጋቢት ወር የተደረገውን የመጀመሪያውን ንባብ እርሱ ታሞ ስለ ነበረ ወዳጁ ጆሴፍ ብላክ አነበበለት፤ ሁለተኛውን በሚያዝያ ወር ራሱ አነበበ። በዚያው ዓመት የንግግሩ ሐሳብ በ30 ገጽ ተጨምቆ በአሕጽሮት ታተመ። ሙሉው ጽሑፍ በማኅበሩ መጽሔት የወጣው በ1788 ሲሆን፣ በሁለት ቅጽ የተስፋፋው መጽሐፍ የወጣው ደግሞ በ1795 ነው።

የሐተን ሐሳብ ታላቅ ነበር። ምድር እጅግ ረጅም ዕድሜ እንዳላት፣ ዛሬ በዐይናችን የምናያቸው የጎርፍ፣ የደለልና የእሳት ሥራዎች ያለፈውንም ዘመን ለማስረዳት እንደሚበቁ አስተማረ። ነገር ግን አጻጻፉ አታካች ነበር። ዐረፍተ ነገሮቹ ረጃጅምና ጥምዝምዝ፣ ጥቅሶቹም ብዙ ነበሩ። ሐሳቡ በሰፊው ሊሰማ የቻለው ወዳጁ የሒሳብ ሊቅ ጆን ፕሌይፌር ሐተን ከሞተ ከአምስት ዓመት በኋላ፣ በ1802፣ በጠራ ቋንቋ ማብራሪያ ከጻፈለት ወዲህ ነው። ከዚህ የምንረዳው አንድ የሳይንስ ሐሳብ ትክክለኛ መሆኑ ብቻ እንደማይበቃውና የጽሑፉ አዘገጃጀት የሐሳቡን ዕድል እንደሚወስን ነው። ፕሌይፌር የሠራው ሥራ በአንድ ቋንቋ ውስጥ የተደረገ ትርጉም ነው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

በ1807 ለንደን ላይ የጂኦሎጂ ማኅበር ተመሠረተ። ማኅበሩ የመጀመሪያውን የጥናት ጥራዝ በ1811 አወጣ፤ በየሦስት ወሩ የሚወጣውን መጽሔቱን ደግሞ በ1845 ጀመረ። በዚህ ማኅበር የነበረው ልማድ ለዛሬው አሠራር መሠረት ከጣሉት አንዱ ነው። ጽሑፉ አስቀድሞ በስብሰባ ላይ ይነበባል፤ ከዚያ በኋላ በሙሉው ይታተም ወይስ በአሕጽሮት ይቅር የሚለውን ለመወሰን ሙያውን ለሚያውቁ አባላት ይሰጣል። እነዚህ መርማሪዎች «ሬፈሪ» የሚል ስም ተሰጣቸው፤ ቃሉም የተወሰደው ከሕግ ቋንቋ ነው።

ከዚህ ላይ ስለ ቃሉ አንድ ነገር መናገር ያስፈልጋል። «ሬፈሪ» የሚለውን ቃል የሀገራችን ሕዝብ የሚያውቀው ከኳስ ሜዳ ስለሆነ፣ አቻው «ዳኛ» ሆኖ ጸንቷል። የመጽሔት ሬፈሪ ግን ዳኛ አይደለም። ረቂቁን መርምሮ ምክር ይሰጣል እንጂ አይፈርድም፤ ፍርዱ የአዘጋጁ ነው። ስለሆነም በኅትመት ሙያ ውስጥ የለመድነው «ገምጋሚ» የሚለው ቃል ከጽንሰ ሐሳቡ ጋር የበለጠ ይስማማል። አንድ የውጭ ቃል በሁለት ሙያ ውስጥ ሁለት አቻ ሲኖረው መዝገበ ቃላቱ ሁለቱንም ከነሙያቸው ሊያሰፍር ይገባል።

3. ሁለት ወዳጆችን ያጣላ ስም

የስያሜ ደንብ ለምን እንዳስፈለገ ከሁሉ ይልቅ የሚያስረዳው በእንግሊዝ ሀገር የተደረገው የካምብሪያንና የሲሉሪያን ክርክር ነው። አዳም ሴጅዊክና ሮድሪክ መርቺሰን የቅርብ የሥራ ወዳጆች ነበሩ። የዌልስን ጥንታዊ ዐለቶች አንዱ ከታች፣ ሌላው ከላይ ጀምረው አጠኑ። በ1835 በጋራ ባቀረቡት ጽሑፍ ሴጅዊክ የታችኛውን ክፍል ዌልስ በላቲን ከምትጠራበት ከ«ካምብሪያ» ወስዶ ካምብሪያን አለው፤ መርቺሰን የላይኛውን ሲሉሬስ ከተባሉት የዌልስ የጥንት ነገዶች ወስዶ ሲሉሪያን አለው።

ስሞቹ ያማሩ ነበሩ፤ ወሰናቸው ግን አልተበየነም ነበር። ሴጅዊክ ክፍሉን የለየው በአብዛኛው በዐለቱ ዐይነትና አቀማመጥ ሲሆን፣ መርቺሰን ደግሞ በቅሪተ አካላቱ ነበር። ጥናቱ እየገፋ በሄደ ጊዜ የካምብሪያን የላይኛው ክፍልና የሲሉሪያን የታችኛው ክፍል አንድ ዐለት ሆነው ተገኙ። መርቺሰን በ1839 ታላቁን የሲሉሪያን መጽሐፉን ካሳተመ በኋላ ስሙን ወደ ታች እያወረደ የወዳጁን ይዞታ ወሰደበት። ሴጅዊክም አልተወለትም። በ1850ዎቹ ጽሑፎቹ በሚታተሙበት ሁኔታ ምክንያት ከለንደኑ የጂኦሎጂ ማኅበር ጋር እስከ መቀያየም ደረሰ። መርቺሰን በ1871፣ ሴጅዊክ በ1873 ሳይስማሙ ሞቱ።

ክርክሩን የፈታው የሌላ ሰው አጭር ጽሑፍ ነው። ቻርልስ ላፕዎርዝ በ1879 አከራካሪው ክፍል የራሱ የሆኑ ቅሪተ አካላት እንዳሉት አሳይቶ፣ ከሁለቱም ለይቶ ኦርዶቪሺያን ብሎ ሰየመው። ይህም ስም ኦርዶቪሴስ ከተባለ ሌላ የዌልስ የጥንት ነገድ የተወሰደ ነው። ስሙ በዓለም አቀፉ የጂኦሎጂ ጉባኤ ዘንድ ተቀባይነትን ያገኘው በ1960 ነው። አንድ ቃል እስኪጸና 81 ዓመት ፈጀ ማለት ነው።

ለቃላት ባለሙያ የዚህ ታሪክ ፍሬ ግልጽ ነው። ጠቡ የመጣው ከስሞቹ ውበት ወይም ከምንጫቸው አልነበረም። የመጣው አንዱ ስም በዐለት፣ ሌላው በቅሪተ አካል ተበይኖ ሳለ ሁለቱ በአንድ ሰንጠረዥ ላይ ጎን ለጎን ስለ ተጻፉ ነው። ብያኔ የሌለው ስያሜ ወሰን እንደሌለው ርስት መሆኑን ባላገር ሁሉ ያውቀዋል።

4. ከቦሎኛ እስከ ዓለም አቀፉ መመሪያ

እንዲህ ያለው ውዥንብር በአንድ ሀገር ብቻ የተወሰነ አልነበረም። ፈረንሳዊው፣ ጀርመናዊውና እንግሊዛዊው አንዱን ዐለት በተለያየ ስም፣ የተለያየውንም ዐለት በአንድ ስም ይጠሩ ነበር። በካርታም ላይ ቀለሙ እንደየሀገሩ ይለያያል። ስለዚህ በ1878 ፓሪስ ላይ የመጀመሪያው ዓለም አቀፍ የጂኦሎጂ ጉባኤ ሲሰበሰብ ስያሜንና የካርታ ምልክቶችን አንድ ማድረግ ከዋና ዋናዎቹ ተግባሮች አንዱ ሆነ። ሁለተኛው ጉባኤ በ1881 በጣልያን ሀገር በቦሎኛ ከተማ ተካሂዶ የደረጃ ቃላትን ወሰነ። ለዐለቱ ግሩፕ፣ ሲስተም፣ ሲሪስና ስቴጅ፤ ለዘመኑ ኢራ፣ ፒሪየድ፣ ኢፖክና ኤጅ የሚባሉት ቃላት በየደረጃቸው ተጣመሩ።

የቦሎኛው ውሳኔ ታላቅ ጥበብ የነበረበት ዐለቱንና ዐለቱ የተፈጠረበትን ዘመን በተለያየ ቃል መጥራቱ ነው። ዛሬም አንድ ጸሐፊ የዐለቱን ክፍል «የታችኛው»፣ የዘመኑን ክፍል ግን «የቀድሞው» ብሎ እንዲጽፍ አዘጋጁ የሚያርመው ከዚሁ ልዩነት የተነሣ ነው። ዐለት ከታችና ከላይ አለው፤ ዘመን ግን ፊትና ኋላ እንጂ ታችና ላይ የለውም። ይሁን እንጂ ከቃላቱ አንዱ ኋላ ትርጉሙን ለወጠ። በ1881 «ግሩፕ» ማለት የአንድ ኢራ ዐለት በሙሉ ነበር፤ አሁን በሚሠራበት ሥርዓት ግን ተቀራራቢ የሆኑ ፎርሜሽኖች ስብስብ ነው። የድሮ ጽሑፍ የሚተረጉም ሰው ቃሉን ከመተርጎሙ በፊት ጽሑፉ የወጣበትን ዓመት ማየት ያለበት ስለዚህ ነው።

በ20ኛው ምዕት ዓመት ሥራው ከጉባኤ ውሳኔ ወደ ተጻፈ ደንብ ተሸጋገረ። በአሜሪካ የዐለት ክፍሎች አመዳደብና ስያሜ ደንብ በ1933 ወጣ፤ በ1961 ተሻሻለ፤ በ1983 የሰሜን አሜሪካ ደንብ ሆኖ እንደገና ተጻፈ። በዓለም አቀፍ ደረጃ የስያሜውን ነገር የሚያጠናው ንኡስ ኮሚሲዮን በ1952 በአልጀርስ ጉባኤ ተቋቋመ፤ የልፋቱም ፍሬ በሆሊስ ሄድበርግ አዘጋጅነት በ1976 የታተመው ዓለም አቀፍ መመሪያ ነው። ሁለተኛው እትም በ1994 በአሞስ ሳልቫዶር አዘጋጅነት ወጣ።

መመሪያው አዲስ የዐለት ክፍል ለመሰየም የሚሻ ጸሐፊ በረቂቁ ውስጥ ሊያሟላቸው የሚገባውን ይዘረዝራል። ስሙ ከሚታወቅ የቦታ ስም ሊወሰድና ምንጩ ሊገለጽ ይገባል። ክፍሉ በደንብ የሚታይበት ናሙናዊ ቁራጭ፣ ማለት ሌላው ሄዶ ሊያየው የሚችል የተወሰነ ስፍራ፣ በካርታና በጽሑፍ ሊመለከት ያስፈልጋል። የታችና የላይ ወሰኑ፣ ውፍረቱ፣ የዐለቱ ዐይነት፣ የሚስፋፋበት አካባቢና ዕድሜው ይገለጻል። ስሙ ለሌላ ክፍል ተሰጥቶ እንደሆነ አስቀድሞ ይጣራል። ይህም ሁሉ በታወቀ የሳይንስ መጽሔት ወይም መጽሐፍ መታተም አለበት፤ በቃል የተነገረ ወይም ባልታተመ ዘገባ ውስጥ የተጻፈ ስም አይጸናም።

ለእኛ ከሁሉ ይልቅ የሚያስፈልገን ስለ ፊደል አጻጻፍ የሚናገረው ክፍል ነው። የቦታው ስም አጻጻፍ ናሙናዊው ቁራጭ ያለበት ሀገር ከሚጠቀምበት አጻጻፍ ጋር ሊስማማ ይገባል። አንድ ጊዜ ከጸና በኋላ ግን አይለወጥም። የቦታው ስም ኋላ ቢለወጥ፣ ቦታውም ፈጽሞ ቢጠፋ፣ የዐለቱ ስም እንደ ነበረ ይኖራል። እነዚህን ሁለት ሐሳቦች አንድ ላይ ያነበበ ሰው የሀገሬው አጻጻፍ የሚሰማበት ጊዜ አንድ ብቻ መሆኑን ያስተውላል፤ ይኸውም ረቂቁ የሚዘጋጅበት ጊዜ ነው።

5. የኢትዮጵያ ስሞች በዐለት ጥናት

የሀገራችን ስሞች ወደዚህ መዝገብ የገቡት መመሪያው ከመውጣቱ ከመቶ ዓመት በላይ ቀድመው ነው። የእንግሊዝ ጦር በዐፄ ቴዎድሮስ ላይ በዘመተ ጊዜ በህንድ የጂኦሎጂ ጥናት ድርጅት ይሠራ የነበረው ዊልያም ብላንፎርድ ከዘመቻው ጋር መጣ። በ1870 ስለ ሐበሻ የምድርና የእንስሳት ሁኔታ የሚናገር መጽሐፍ ለንደን ላይ አሳተመ። በመጽሐፉ ከታች ያለውን አሸዋ ድንጋይ በአዲግራት፣ በላዩ ያለውን ኖራ ድንጋይ በአንጣሎ፣ ከዚያ በላይ ያሉትን የእሳተ ገሞራ ዐለቶች ደግሞ የታችኞቹን በአሸንጌ፣ የላይኞቹን በመቅደላ ስም ጠራቸው።

እነዚህን አራት ስሞች ከታች ወደ ላይ በተራ ያነበበ የታሪክ ተማሪ አንድ የሚያውቀው ነገር ያገኛል። አዲግራት፣ አንጣሎ፣ አሸንጌ፣ መቅደላ እያለ የሚሄደው መሥመር ጦሩ ከባሕር ዳርቻ ተነሥቶ በሚያዝያ 1868 መቅደላ እስኪደርስ ድረስ የተጓዘበት መንገድ ነው። ጉዞው ከሰሜን ወደ ደቡብ ሲሆን በዐለቱ ቅደም ተከተል ግን ከጥንታዊው ወደ ቅርቡ ሆነ። አንድ የዘመቻ ታሪክ ሳይታሰብ በዐለት ስያሜ ውስጥ ተመዝግቦ ቀረ ማለት ይቻላል።

ብላንፎርድ የእሳተ ገሞራውን ዐለት በጥቅሉ የጠራው «ትራፕ» በሚለው ቃል ነው። ቃሉ የመጣው ከስዊድንኛ ሲሆን ትርጉሙ ደረጃ ማለት ነው። የደነደነው ላቫ ንጣፍ በንጣፍ ላይ ተደራርቦ ገደሉን ደረጃ ደረጃ ስለሚያስመስለው የተሰጠ ስም ነው። የሰሜን ሸዋን ወይም የወሎን ገደላ ገደል ያየ ሰው ምስሉን ወዲያው ይረዳዋል፤ አማርኛም ለዚህ «እርከን» የሚል የራሱ ቃል አለው። የእነዚህ ዐለቶች ትልቁ ክፍል ዕድሜ 30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ መሆኑ በጥራት የተለካው ከብላንፎርድ ከመቶ ዓመት በኋላ ነው። የዕድሜው ሐሳብ ሲለዋወጥ ስሞቹ ግን አልተናወጡም። ምክንያቱም ከዕድሜ ጋር ሳይሆን ከቦታና ከዐለት ጋር የተሳሰሩ ስለ ነበሩ ነው። በዌልስ ካየነው ጠብ ጋር ቢነጻጸር የቦታ ስም ጥቅሙ በዚህ ይታያል።

በ1970ዎቹ ደግሞ የስያሜው ማዕከል ወደ አዋሽ ሸለቆ ወረደ። በሐዳር ወንዝ አካባቢ ያሉት የደለል ንጣፎች ሐዳር ፎርሜሽን ተብለው በውስጣቸው ሲዲ ሐኮማ፣ ደነን ዶራና ካዳ ሐዳር የተባሉ ክፍሎች ተለዩላቸው፤ ከሁሉ በታች ያለው ግን የቦታ ስም ሳይሰጠው የመሠረቱ ክፍል ተባለ። በኅዳር 1974 የተገኘችው ድንቅነሽ የምትገኘው ካዳ ሐዳር በተባለው ክፍል ውስጥ ነው። «ካዳ» በአፋርኛ ትልቅ ማለት ነው። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ዕድሜ አላት ሲባል፣ የዚህ ቁጥር መያዣው የንጣፉ ስም ነው። ስሙ ከተሳሳተ ማስረጃው አድራሻውን ያጣል።

በዚሁ አካባቢ ከተገኙት ቅሪተ አካላት ጋር በተያያዘ አፋርኛ ለዓለም ሳይንስ ሌሎችም ቃላት አበርክቷል። በ1994 ታትሞ በ1995 የወገን ስሙ የተሻሻለው አርዲፒቴከስ ራሚደስ መሬትና ሥር የሚል ትርጉም ካላቸው የአፋርኛ ቃላት የተሠራ ነው፤ በ2003 የታተመው «ኢዳልቱ» የሚለው ስያሜም ሽማግሌ ማለት ነው። የእንስሳት ስያሜ ልማድ ጸሐፊው የስሙን ምንጭ በዚያው ጽሑፍ እንዲገልጽ ስለሚመክር የእነዚህ ቃላት ትርጉም ሊታወቅ ቻለ። ስለ ዐለት ስሞቻችን እንዲህ ያለ ማስታወሻ ቢኖር ኖሮ ከዚህ ቀጥሎ የሚነገረው ችግር ባልኖረ ነበር።

6. ስሞቹ ወደ አማርኛ ሲመለሱ

የላቲን ፊደል እንግሊዝኛ በሚጠቀምበት መልኩ ጠ ከተ፣ ቀ ከከ፣ ጨ ከቸ አይለይም። ከዚህም በላይ የግዕዙንና የራብዑን ድምፅ በአንድ ፊደል ይጽፋቸዋል። ስለዚህ የኢትዮጵያ ስም በላቲን ሲጻፍ አንዳንድ ምልክቶቹን ጥሎ ይሄዳል። ተርጓሚው ምንጩን ሳይጠይቅ ከእንግሊዝኛው ላይ ፊደል በፊደል ሲገለብጠው የጣላቸውን ምልክቶች መልሶ አያገኛቸውም። አንጣሎ «አንታሎ»፣ አሸንጌ «አሻንጊ»፣ መቅደላ «ማግዳላ» ይሆናል። ይህ የአጻጻፍ ጉዳይ ብቻ አይደለም። «አሻንጊ» የሚለውን ስም በክፍል ውስጥ የተማረ ተማሪ ስሙ በልጅነቱ ከሚያውቀው ሐይቅ የተወሰደ መሆኑን አያስተውልም። የሀገሩ ስም ለእርሱ የባዕድ ቃል ሆነበት ማለት ነው።

የተባበሩት መንግሥታት ስለ ጂኦግራፊያዊ ስሞች በ1967 በጄኔቫ ባካሄደው የመጀመሪያ ጉባኤ የአማርኛን ፊደል ወደ ላቲን የመለወጫ ሥርዓት ተቀብሏል። ይሁን እንጂ የብላንፎርድ ስሞች ከዚያ ቀድመው የጸኑ ናቸው፤ ደንቡም አጻጻፋቸው እንዳይለወጥ ይከለክላል። ክልከላው ተገቢ ነው፤ አለዚያ በአንድ ዐለት ላይ የተጻፈው የመቶ ዓመት ጥናት ተበታትኖ ይቀራል። ነገር ግን ክልከላው በላቲን የጸናውን መልክ የሚመለከት እንጂ በግዕዝ ፊደል በምንጽፍበት ጊዜ የላቲኑን ጉድለት አብረን እንድንቀዳ የሚያስገድደን አይደለም። በራሳችን ፊደል ስንጽፍ ወደ ምንጩ መመለስ ይገባናል።

ከእነዚህ መካከል አስቸጋሪው አንጣሎ ነው። በትግርኛ የቦታው ስም ሕንጣሎ ነው። የ19ኛው ምዕት ዓመት መጀመሪያ ተጓዦች፣ ለምሳሌ ሄንሪ ሶልት፣ በዚያን ጊዜ የራስ ወልደ ሥላሴ መቀመጫ የነበረችውን ከተማ «አንጣሎ» በሚለው መልክ ስለ ጻፉት ብላንፎርድም ይህንኑ ተከተለ። ዛሬ በአማርኛ የምንጽፍ ሰዎች ለዐለቱ የትኛውን እንውሰድ? የመመሪያው መንፈስ መልሱን ይሰጠናል። ቦታውን ስንጠራ የነዋሪዎቹን ቃል ተከትለን ሕንጣሎ እንበል፤ ዐለቱን ስንጠራ የጸናውን ስም ይዘን፣ ጠውን ግን ለባለቤቱ መልሰን፣ አንጣሎ እንበል። መዝገበ ቃላቱም ሁለቱን አገናኝቶ ያሳይ።

7. የደረጃ ቃላትና የ«የ» ጉዳይ

ከቦታው ስም ቀጥሎ የሚመጣው የደረጃ ቃል ነው። «ፎርሜሽን» የሚለውን ቃል በቁሙ «ምሥረታ» ብሎ የሚተረጉም አይጠፋም። «የሐዳር ምሥረታ» ግን ለአማርኛ አንባቢ የማኅበር ወይም የከተማ መቋቋም እንጂ ዐለት አይመስለውም። የቃሉም ታሪክ ይህን ትርጉም አይደግፍም። በ18ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ ጀርመናዊው አብርሃም ቨርነር ሲጠቀምበት በአንድ ዘመን የተፈጠሩ ዐለቶች ማለት ነበር፤ አሁን ግን በካርታ ላይ ሊነደፍ የሚችል፣ በዐለቱ ዐይነት ከጎረቤቶቹ የሚለይ ክፍል ማለት ነው። የመፈጠር ትርጉም ከውስጡ ስለ ወጣ፣ ያንኑ ትርጉም በአማርኛ መልሶ ማስገባት ፋይዳ የለውም። ስለሆነም «ፎርሜሽን» እንዳለ ቢወሰድ ይሻላል።

ከእርሱ በታች ላለው ክፍል ግን አማርኛ የተመቸ ቃል አለው። እንግሊዝኛው የተጠቀመበት ቃል ከላቲን የመጣ ሆኖ የሰውነት ክፍልንም የማኅበር ተካፋይንም ያመለክታል። በግዕዝና በአማርኛ «አባል» የሚለው ቃል እንዲሁ ሁለቱንም ይዟል። ስለዚህ «ካዳ ሐዳር አባል» ብንል ትርጉሙም ዘሩም ይገጥማል። ከሁሉ ትንሹ ክፍል በእንግሊዝኛ ከመኝታ ጋር በአንድ ቃል ስለሚጠራ ጀማሪ ተርጓሚ «አልጋ» ሊለው ይችላል፤ ትክክለኛው «ንጣፍ» ነው። ለግሩፕ «ምድብ» የሚለው ቃል ሊበቃ ይችላል፤ በቦሎኛው ትርጉም የተጻፈ እንደሆነ ግን በግርጌ ማብራሪያ ይጠየቃል።

ከዚህ ሁሉ የሚከብደው ሌላ ነው። በእንግሊዝኛ በደንቡ መሠረት የጸና ስም በትልቅ ፊደል ይጀምራል፤ የደረጃው ወይም የዐለቱ ቃል ጭምር በትልቅ ፊደል ይጻፋል። ጸሐፊው ያንኑ ቃል በትንሽ ፊደል ከጻፈው በአዲግራት አካባቢ የሚገኝ አሸዋ ድንጋይ ማለቱ እንጂ አዲግራት አሸዋ ድንጋይ የተባለውን የታወቀ ክፍል ማለቱ አይደለም። አዘጋጆች በረቂቅ ላይ ደጋግመው ከሚያርሟቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነው። የግዕዝ ፊደል ትልቅና ትንሽ የለውም። ታዲያ ልዩነቱ በትርጉም ጊዜ ይጥፋ?

ቋንቋው መፍትሔውን አስቀድሞ አዘጋጅቶታል። «አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» ስንል የአንድ ተቋም መጠሪያ ነው፤ «የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲዎች» ስንል ግን በከተማው ያሉትን ሁሉ ነው። «የ» ስትገባ ባለቤትነትንና አካባቢን ታመለክታለች፤ ስትወጣ ሁለቱ ቃላት ተጣብቀው አንድ መጠሪያ ይሆናሉ። በዚሁ መሠረት «አዲግራት አሸዋ ድንጋይ» ያለ «የ» ለጸናው ክፍል፣ «የአዲግራት አሸዋ ድንጋይ» ደግሞ በአካባቢው ለሚገኘው ማንኛውም አሸዋ ድንጋይ ቢወሰን፣ እንግሊዝኛው በፊደል መጠን የሚያደርገውን እኛ በሰዋስው እናደርገዋለን። ለዚህ አዲስ ቃል መፍጠር አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው አጠቃቀሙን ወስኖ በወጥነት መጻፍ ነው።

8. መደምደሚያ

ከሐተን እስከ ዓለም አቀፉ መመሪያ ያለው ታሪክ አንድ ነገር ያስተምራል። የጂኦሎጂ ረቂቅ አዘገጃጀት ደንብ የወጣው ጸሐፊውን ለማስጨነቅ አይደለም። አንዱ ያየውን ዐለት ሌላው ሄዶ በዚያው ስም እንዲያገኘው ለማድረግ ነው። ስሙ ከቦታው ሲለያይ ይህ ዓላማ ይፈርሳል። በላቲን የተጻፈው ስም ለውጭው ተመራማሪ መንገድ ሲመራ፣ በአማርኛ የተገለበጠው ለሀገሩ ተማሪ ካልመራ፣ ጉድለቱ የእኛ ነው።

ስለዚህ ሦስት ነገሮችን ማሳሰብ ይገባል። አንደኛ፣ በኢትዮጵያ ውስጥ አዲስ የዐለት ክፍል የሚሰይም ጸሐፊ ረቂቁን ወደ መጽሔት ከመላኩ በፊት የቦታውን ስም ነዋሪዎቹ ከሚናገሩት ሰምቶ፣ በግዕዝ ፊደል፣ ከየትኛው ቋንቋ እንደ ሆነና ከታወቀም ከነትርጉሙ ቢጽፍ ለአንድ ዐረፍተ ነገር የሚበቃ ቦታ ብቻ ይወስድበታል፤ አፋርኛን የመሰሉ በላቲን ፊደል የሚጻፉ ቋንቋዎችም የራሳቸው አጻጻፍ ሊጠበቅላቸው ይገባል። ሁለተኛ፣ ቀደም ብለው የጸኑትን ስሞች የቃላት ባለሙያዎች ከጂኦሎጂ ባለሙያዎች ጋር ሆነው በአንድ ዝርዝር ቢሰበስቧቸው፣ ተርጓሚው ከእንግሊዝኛው ላይ ከመገልበጥ ይድናል። ሦስተኛ፣ የደረጃ ቃላቱና የ«የ» አጠቃቀም በመማሪያ መጻሕፍትና በትርጉም ሥራዎች ሁሉ አንድ ዐይነት ይሁን።

የዐለት ስም አንዴ ከታተመ በኋላ ዐለቱን ያህል ይጸናል። መልካሙም ሆነ ጉድለቱ ለልጅ ልጅ የሚተላለፈው በረቂቁ ላይ በተጻፈበት መልክ ነው።